ልጄን ያሳከከው ጤፉ አልነበረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ስለ ልጆች ሆድ ድርቀት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወፍጮ ቤቴ በር ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ደንበኛ እስኪመጣ ጋዜጣ ማንበብ ልማዴ ነው፤ ገጾቹ ሁሌም ዱቄት ለብሰው ነው ቤት የሚገቡት። ጽሑፉ ጥሩ ነው። ልጆቻችን አሰር (ሆድ ሳይፈጨው የሚያልፈው የእህልና የአትክልት ክፍል) ያለው ምግብ ያንሳቸዋል፣ ስለዚህ የስንዴ ቂንጬ፣ ያልተነፋ ዱቄት ዳቦ፣ በሶና ቆሎ ስጧቸው ይላል። እስከ መጨረሻው አነበብኩና ለብቻዬ ሳቅሁ። ትንሹ ልጄ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ አንዱንም አፉ ማድረግ አይችልም። ስንዴ ያሳብጠዋል። ገብስም ያው ነው። ቆሎ ቢሉ ለውዝ አለበት፤ ለውዝ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ጠላቱ ነው።

ታዲያ እንደሱ ያለው ልጅ ሆዱ ሲደርቅ ምን ይብላ? ጽሑፋችሁ እዚህ ላይ ዝም አለ። እኔ ልጻፍ ያልኩት ለዚህ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ኮተቤ ከአባቴ የወረስኩት ወፍጮ ቤት አለኝ። ሃያ ዓመት እህል ሳስፈጭ ኖሬያለሁ። ስለ እህል የሚነግረኝ ሰው የለም ብዬ አስብ ነበር። ነበር ነው።

ማሙሽ (ስሙን አልጽፍም፣ ሲያድግ እንዳይጣላኝ) ዓመት ሊሞላው ሲል የምጥን አጥሚት አስጀመርነው። የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ የሚያድግበት ምጥን ነው። አጃ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ ለውዝ፣ ሁሉም ተቆልቶ ባንድ ላይ ይፈጫል። የፈጨሁትም እኔ ነኝ። ሦስተኛው ማንኪያ ላይ ከንፈሩ አበጠ። ፊቱና አንገቱ ላይ ችፍ አለ። ከዚያ ማሳል ጀመረ። ባለቤቴ ጫማውን ሳያጠልቅ ይዞት ሮጠ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሐኪም ቤት ቶሎ ደረሱ።

ከብዙ ምልልስ በኋላ ስንዴ፣ ገብስና ለውዝ መሆኑ ታወቀ። ይህን፣ ይህን፣ ይህን አትስጡት የሚል ወረቀት ይዘን ወጣን። በምትኩ ምን እንስጠው? የሚል ወረቀት ግን አልተሰጠንም። እኛም አልጠየቅንም። ልጁ ተረፈልን፣ ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን?

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ሁሉ መቀነስ ነው። አንዷ ጎረቤቴ «ለውዝ እኮ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ዘመድ ነው። ደነገጥኩና ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ሁሉንም ከገበታው አነሳሁ። ቆየት ብሎ ደግሞ እንጀራ በበላ ቁጥር አፉ ዙሪያ ቀላ ቀላ እያለ ያሳክከው ጀመር። «ጤፍም አልተስማማውም» አልን። እንጀራም ቀረ።

የቀረው ነጭ ሩዝ ነው። ቡላ ነው። የተላጠ ድንች፣ ሙዝና ወተት ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ደግሞ ሰው በመጣ ቁጥር ግሉተን (የስንዴና የገብስ ፕሮቲን) የሌለው ብስኩት ትልካለች። ማሙሽ ደስ ብሎት ይበላዋል። እኛም ደስ ይለናል፤ ከተማ ውስጥ ቢገኝ እንኳ ዋጋው አይቀመስም።

አራት ዓመት ሊሆነው ሲል አንድ ነገር አስተዋልኩ። ወፍጮ ቤት ይዤው ስመጣ ከኩንታሎቹ ጀርባ ይደበቃል። አንድ ቀን ቀስ ብዬ ሄጄ አየሁት። በእግሩ ጣቶች ቆሟል። ጭኖቹን አጣብቋል። አንዱን ጆንያ በሁለት እጁ ጨምድዶ ፊቱ በርበሬ መስሏል። እያማጠ መሰለኝ። «አይዞህ፣ ግፋ» አልኩት። ለካስ እየገፋ አልነበረም፣ እየያዘ ነው። አንዴ በጣም ስላመመው ሁለተኛ ላለመውጣት ምሏል። አምስት ቀን፣ ስድስት ቀን ይይዘዋል። ከዚያ ደም ያየሁ ቀን ሌላ ሐኪም ፍለጋ ወጣሁ።

አሁን የምትከታተለው ዶክተር ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። መድኃኒት ከማዘዟ በፊት ትናንት የበላውን አንድ በአንድ ቁጠሩልኝ አለች። ቆጠርኩ። ወረቀት ላይ እየጻፈች ትደምራለች። አንድ ብርጭቆ የተቀቀለ ነጭ ሩዝ አንድ ግራም አሰር እንኳ የለውም። ቡላማ ከቆጮው ተጨምቆ የወጣ ስታርች ነው፤ ከዜሮ ብዙ አይርቅም። ብስኩቱን ፓኬቱን አሳየኋት። የሩዝ ስታርች፣ የበቆሎ ስታርች፣ ስኳር። ግሉተን የለውም፣ ሌላም ምንም የለውም።

ከዚያ አንድ ቀላል ስሌት ነገረችኝ። የልጁ ዕድሜ ላይ 5 ደምሪ፣ ያ በቀን ቢያንስ የሚያስፈልገው አሰር በግራም ነው። የአራት ዓመት ልጅ 9 ግራም መሆኑ ነው። ሌሎች ከፍ ያደርጉታል። አውሮፓውያን ከ4 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ 14 ግራም ይላሉ፤ አሜሪካኖች ከ4 እስከ 8 ዓመት ላለው 25 ግራም። የእኔ ልጅ ድምር 5 አልሞላም። ወተቱን ስትሰማማ ብዕሯን አስቀመጠች። በቀን ወደ አንድ ሊትር ይጠጣ ነበር። ሆዱን ሞልቶ ሌላ ምግብ ያስጠላዋል፣ አንዳንዱን ልጅ ደግሞ ራሱ ወተቱ ያደርቀዋል አለችኝ።

እኔ እዚያው «በቃ ከነገ ጀምሮ አሰር እንሰጠዋለን» ብዬ ልነሳ ስል አስቆመችኝ። አንጀቱ ውስጥ ቋጥኝ ተቀምጦ እያለ ላዩ ላይ አሰር ብትጨምሪበት መንገድ ከተዘጋ በኋላ መኪና መላክ ነው። መጀመሪያ በመድኃኒት የቆየው ይውጣ። ከዚያ ምግቡ ቀስ እየተባለ ይጨመር፣ ውኃውም አብሮት። ውኃ የሌለው አሰር ራሱ ያደርቃል።

ከዚያ ስለ እንጀራው ጠየቀችኝ።

«ጤፍ እንዲህ ማድረጉ ብዙ የተለመደ አይደለም። ጤፉን የት ነው የሚያስፈጩት?»

«እኔው ጋ ነው። ወፍጮ ቤት አለኝ።»

«ከጤፉ በፊት ምን ተፈጭቶበት ነበር?»

መልስ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር መልሱን አላጣሁትም፣ አፌ ነው አልናገር ያለኝ። የእኛ ሰፈር ሰው ጠዋት ጤፍ ያመጣል፣ ቀጥሎ ሌላው ለዳቦ ስንዴ፣ ቀጥሎ ለበሶ ገብስ። ሁሉም በዚያው ድንጋይ ነው። አንድ እህል ተፈጭቶ ሲያልቅ ድንጋዩ መሐልና ዱቄቱ የሚወርድበት ቋት ላይ የሚቀር አለ። የሚቀጥለው ሰው ዱቄት ይዞት ይወርዳል። ይህን የማያውቅ ወፍጮ ቤት የለም። ደንበኛም ያውቃል። ማኛ ጤፍ ይዛ የመጣች ሴት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ከማን በኋላ ነው?» ብላ ነው። ቀይ ጤፍ ወይም ዳጉሳ ከቀደማት ተራዋን ለሌላ ትሰጣለች፤ እንጀራዋ እንዳይጠቁርባት። በርበሬማ ለብቻው ወፍጮ አለው። አንድ ቀን በስህተት በጤፍ ወፍጮ በርበሬ ባስፈጭ ሰፈሩ ጥሎኝ ይሄዳል። ለቀለምና ለጣዕም ይህን ያህል ስንጠነቀቅ ኖረናል። ስንዴ ግን ነጭ ስለሆነ ጤፍ ውስጥ ሲገባ አይታይም። እንዲያውም ዱቄቱን ያሳምረዋል።

ያን ቀን ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ልጄን ያሳከከው ጤፉ አልነበረም። ወፍጮዬ ነው።

እሑድ ከሰዓት ከወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ጋር ሆነን ድንጋዩን አወረድነው። በብሩሽ ጠረግነው። ቋቱን አጠብነው። ዱቄት ያልተቀመጠበት ስንጥቅ የለም። ስናበቃ ሁለታችንም ነጭ በግ መስለን ነበር። ከዚያ ሦስት ኪሎ ጤፍ ለማጠቢያ ብቻ አስፈጨሁበት፤ እሱን እኛ ትልልቆቹ በላነው። ከዚያ ወዲህ ያ ወፍጮ ከጤፍ በቀር ሌላ አያይም። ስንዴና ገብስ ወደ ሌላኛው ሄዱ። ሠራተኛው መጀመሪያ ተነጫነጨ፤ ወረፋው ስለሚረዝም እውነቱን ነው።

ይህም አልበቃም። የእንጀራው እርሾ ትዝ አለኝ። እርሾዬን ያመጣሁት ጤፍ ላይ ገብስ ከምትቀላቅል ጎረቤት ነው፤ ከሊጥ ወደ ሊጥ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ደፋሁት። ቡሃቃውን አጥቤ ከንጹሕ ጤፍ ሌላ እርሾ ጀመርኩ። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን የለውም፣ ቆዳ ነው የሚመስለው። በሦስተኛው ሳምንት ግን ተመለሰልኝ። ዶክተሯ እንዳለችው እሷው ጋ ቁጭ ብለን ትንሽ ትንሽ እያልን ሞከርነው። ምንም አልሆነም። ቤት ወስደን ፍርፍር ሠራንለት። ሁለት ዓመት እንጀራ ያልበላ ልጅ እንጀራ ሲበላ ማየት! አማቴ እልል አሉ።

ጤፍ ለምን ይጠቅማል ካላችሁ የወፍጮ ቤት ሰው መልስ አለኝ። ፍሬው ከማነሱ የተነሳ የሚፈተግ ነገር የለውም፤ ከነልብሱ ነው የሚፈጨው። ስንዴውን ፋብሪካ አስገብተን ፉርኖ ዱቄት እናደርገዋለን፣ ፉርሽካው ለላም ይሄዳል። የጤፍ ፉርሽካ የሚባል ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 8 ግራም ገደማ አሰር አለው። ማኛም ሆነ ቀይ፣ ለዚህ ጉዳይ ብዙ ልዩነት የለውም። ገበያ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ጤፍ ሲወደድ ሩዝም፣ በቆሎም፣ ስንዴም የሚገባበት እንጀራ አለ። ሻጯን በፈገግታ መጠየቅ ነው፤ «ልጅ ስላመመኝ ነው» ካሏት ትናገራለች።

ቀጥሎ ጥራጥሬው መጣ። ብዙ እናቶች የእኔን ስህተት እየሠሩ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለውዝ የማይስማማቸው አብዛኞቹ ልጆች ምስርና አተር ሽምብራም ይችላሉ። በዘመድነት ብቻ ሁሉንም መከልከል ለልጁ ዋናውን የአሰርና የፕሮቲን ምንጭ መንጠቅ ነው። ግማሽ ብርጭቆ የበሰለ ምስር 8 ግራም ገደማ አሰር አለው፤ ለአራት ዓመት ልጅ የቀኑን ሊጨርስ ምንም አልቀረውም። ነገር ግን ቤት ውስጥ «እስኪ ትንሽ ላቅምሰው» አይሠራም። የእኔም ልጅ ምስሩን የሞከረው ሐኪም ፊት ነው። ሁለት ነገሮች ደግሞ ለውዝ ለማይስማማው ልጅ በእውነት የሚያስፈሩ ናቸው። አንዱ ግብጦ ነው። የእናቴ አገር ሰዎች ከጎጃም ሲመጡ በየጊዜው ይዘውልን ይመጣሉ፤ ለማሙሽ ክልክል ነው። ሌላው አብሽ ነው። አብሽን ማን ይጠረጥራል? ሽሮ ውስጥ ይገባል፣ ለአራስም ለሕፃንም ይመከራል። ስለዚህ ሽሮውን ያለ አብሽ አዘጋጃለሁ። ምጥንና ለውዝ በሚያልፍበት ወፍጮም አላስገባውም፣ ለእሱ ትንሽ የቤት መፍጫ ገዛሁ። የወፍጮ ቤት ባለቤት የቤት መፍጫ ስትገዛ ሻጩ የሳቀብኝን ሳቅ አልረሳውም።

ሌላም የተማርኩት አለ። ክክ ከድፍኑ ያንሳል፤ አንዱ የአሰር ክፍል ልብሱ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ የምስር ክክ ከምሠራ ድፍን ምስር እሠራለሁ። ድንቹን ከነልጣጩ እቀቅላለሁ። ጎመን በወጡም በፍርፍሩም ውስጥ በደቃቁ ከትፌ እደብቃለሁ፤ ያየው ቀን ግን አንድ በአንድ ለቅሞ ሰሃኑ ጠርዝ ላይ ይደረድረዋል። አቮካዶ ያለ ጸብ ይበላል፣ ግማሹ 5 ግራም ያህል አለው። ተልባ ቆልቼ ሙቀጫ ላይ እወቅጣለሁ፤ ቅባት ስላለው ወፍጮ አይወደውም። አንድ የሻይ ማንኪያ በብዙ ውኃ በጥብጬ እሰጠዋለሁ፣ ያውም ዶክተሯ ከፈቀደች በኋላ። የጤፍ ገንፎ ቁርስ ነው። ወተቱ በቀን ወደ ሁለት ብርጭቆ ወረደ፤ ይህኛው ብዙ ለቅሶ ነበረበት።

መጀመሪያ ሰሞን ቸኩዬ አብዝቼበት ሆዱ ከበሮ ሆኖ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲነፋ አደረ። አባቱ አልጋችን ላይ ከእሱ ጋር ተኝቶ የደረሰበትን እዚህ አልጽፍም።

ምስር ስል አንድ ነገር ረሳሁ። ከገበያ በመጣ ምስር ውስጥ ስንዴና ገብስ አይጠፋም። ቆልቶ ለሚበላ ሰው ምንም አይደለም፣ ለማሙሽ ግን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ሰፌድ ላይ ይበትኑታል። ማሙሽ ከጎናቸው ይቀመጣል። መንካት አይፈቀድለትም፣ ማየት ብቻ። ዓይኑ ከእሳቸው ይፈጥናል። «እማማ፣ እዚያ ጋ አንድ ጠላት!» ይላል። ባለፈው ቅዳሜ ከአንድ ኪሎ ምስር 14 ስንዴና 6 ገብስ ያዙ። ለእያንዳንዱ ጭብጨባ አለው። ከለቀሙት በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጠባል።

ስለ ኬጂ ብዙ አልልም። መምህሯ ጎበዝ ናት፣ ምሳ ዕቃውን ለብቻው ታስቀምጣለች። በዓል ሲመጣ ድፎ ዳቦው ሲቆረስ ለእሱ የጤፍ ቂጣ አብሮ ይቆረሳል። ስለ ቁርባኑ ከንስሐ አባታችን ጋር ተነጋግረናል፤ እሱ በእኛ መሐል ይቅር። አንድ ነገር ግን ልጨምር። «የጾም ነው፣ ምንም የለበትም» እያሉ የሚያቀብሉት ዘመዶች አሉ። ጾም ማለት ሥጋና ወተት የለውም ማለት ነው እንጂ ለውዝ የለውም ማለት አይደለም። ወተትና እንቁላል የማይስማማው ልጅ ያላት እናት ግን በጾም ወራት ታርፋለች፤ እሷን እቀናባታለሁ።

አሁን አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይወጣል። ከኩንታል ጀርባ መደበቁ ቀርቷል፤ አሁን የሚደበቀው ለጨዋታ ነው። ስንዴው በዕድሜ ሊለቀው እንደሚችል ዶክተሯ ነግራናለች። ብዙ ልጆችን ይለቃል አለች፤ በየዓመቱ ታየዋለች።

ለምጥን ሻጮች አንድ ልመና አለኝ። ሰፈር ውስጥ በላስቲክ አስራችሁ የምትሸጡት የሕፃናት ምጥን ላይ ምን ምን እንደገባ ጻፉበት። ማተሚያ ቤት አያስፈልግም፣ እስክርቢቶ ይበቃል። እህቴ የላከችው የብስኩት ፓኬት ላይ ስንዴ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ለውዝ ካለው በግልጽ ይጻፋል፤ የአገሩ ሕግ ነው። ከ2023 ጀምሮ ሰሊጥም ተጨምሯል። ገብስ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ እሱን ራሷ ትፈልጋለች። እኔ አሁን ምጥን ሳስፈጭ ዝርዝሩን በወረቀት ጽፌ ከላይ አስራለሁ። አንዳንዷ ደንበኛ «ምን ያደርግልኛል?» ብላ ትጥለዋለች። ትጣለው።

ለእናንተም አለኝ። በሚቀጥለው ስለ ልጆች አመጋገብ ስትጽፉ፣ ስንዴና ለውዝ ለማይበሉት ሁለት መስመር ጨምሩ። ጤፍ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አቮካዶ ብትሉ ይበቃል። «ሐኪም ጠይቁ» የሚለውንም አትርሱ።

ኮተቤና አካባቢው ያላችሁ፣ እንደ ማሙሽ ያለ ልጅ ካላችሁ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት የሚፈጨው ጤፍ ብቻ ነው። ሌሎቹ ወፍጮዎች በዚያ ሰዓት አይነሱም፣ አቧራውም እንዳይደርስ። መቶ በመቶ ንጹሕ ነው ብዬ አልምልም፤ ልጃችሁ በትንሽ የስንዴ ብናኝ እንኳ የሚታፈን ከሆነ ቤታችሁ ፍጩ። ጤፉን በወንፊት ነፍታችሁ አምጡ፣ ስንዴው ከላይ ይቀራል። ጆንያውም ስንዴ ያልነካው ይሁን።

ከአክብሮት ጋር
የወፍጮ ቤቷ ባለቤት
ኮተቤ፣ አዲስ አበባ